የሙከራ ጥናት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሰሜን ሸዋ ገጠር ወርደው መጠይቅ የሚያስሞሉ ወጣት አጥኚዎችን አግዛለሁ። ትጋታቸውን እወደዋለሁ። የሙከራ ጥናታቸውን፣ ማለትም ከዋናው ጥናት በፊት መጠይቁን ጥቂት ሰዎች ላይ ሲሞክሩት፣ ሳይ ግን እበሽቃለሁ።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፦ ጥናቱ መንዝ፣ ሙከራው ደብረ ብርሃን ከተማ። ያውም በክፍል ጓደኞች ላይ! ጓደኛማ ጥያቄው ቢጣመምም አቃንቶ ይመልስላችኋል። ሙከራ የሚደረገው ጥያቄው የቱ ጋ እንደማይሠራ ለማየት ነው። እሱን የሚያሳዩዋችሁ ነገ የምትጠይቋቸውን የሚመስሉ ሰዎች ናቸው።

«ባለፉት 12 ወራት ስንት ኩንታል ገብስ አመረቱ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ወረቀት ላይ እንከን የለውም። መንዝ ውስጥ አንዲት እናት ትንሽ አሰቡና «ሦስት ማዳበሪያ» አሉ። ጠያቂው ልጅ 3 ኩንታል ብሎ ሊጽፍ ሲል አስቆምኩት።

«እማማ፣ የበልጉንም ጨምረው ነው?»

«ኧረ የመኸሩን ነው! የበልጉን መች ጠየቃችሁኝ?»

በማዳበሪያ ከረጢት የተሞላ ገብስ ደግሞ 100 ኪሎ አይሆንም። ጥያቄውን ለሁለት ከፈልነው፤ መኸር ለብቻ፣ በልግ ለብቻ። ከረጢቱንም አስሞልተን መዘንን። ይህ ሁሉ የተገኘው አንድ ቤት ውስጥ ነው። ከተማ ላይ 50 ተማሪ ብትጠይቁ አታገኙትም። እንደ መንዝ ያለ ደጋ ላይ የተሞከረውም ለቆላው ሸዋ ሮቢት አይበቃም፤ እዚያ ወሬው ማሽላና ማሾ ነው።

ቀኑንም አስቡበት። በሚካኤል ወይም በማርያም ቀን ገበሬው አያርስም። ቤቱ ሆኖ፣ ቡና እየጠጣ፣ ዘና ብሎ ይመልሳል። ዋናው ጥናት ኅዳር ላይ፣ አጨዳ መሀል ሲውል ያው መጠይቅ ማሳ ዳር በቁም ይጠየቃል። ከግማሹ በኋላ መልሱ «አዎ፣ አዎ» ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሙከራውን በሥራ ቀን አድርጉት፣ ሰዓት ያዙ፣ ሰው የቱ ገጽ ላይ እንደሚሰለች መዝግቡ።

ለሙከራ የጠየቃችሁትን ሰው ዋናው ናሙና ውስጥ አታስገቡት።

ጎበዙን መረጃ ሰብሳቢ ብቻ አትላኩ። አዲሱም ይሂድ፤ እሱ የሚደናቀፍበት ጥያቄ መታረም አለበት።

ከ20 ሰው ሙከራ መቶኛ አውጥቶ «ግኝት» ማለትም ይቅር። 20 ሰው ስለ መጠይቁ እንጂ ስለ ወረዳው አይነግራችሁም።

መጠይቁ ተባዝቶ ካለቀ በኋላ የሚሞክሩም አሉ። ስህተት ቢገኝስ ማን ያርመዋል? ብሩ ወጥቷል! ማባዣ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ለእርማት ተዉ። በታብሌት የምትሠሩም ብትሆኑ ፎርሙን አስተካክሎ እንደገና ለመሞከር ያቺ ሳምንት ታስፈልጋችኋለች።