ልጆቻችንን እናስጠና ብለን የምንሰራቸው ስህተቶች

እኔ አስጠኚም ወላጅም ነኝ፣ ከታች ያሉትን አብዛኞቹን ራሴ ሰርቻቸዋለሁ፣ ስለዚህ ጣቴን እየቀሰርኩ እንዳይመስላችሁ።

አንደኛና ከሁሉም የሚያናድደኝ በእንቅልፍ መቀለድ ነው። ልጁ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት መብራት አብርቶ ከተቀመጠ "ጎበዝ፣ እያጠና ነው" እንላለን፣ ግን ቀን የተማረውን አንጎሉ የሚያደላድለው እኮ ተኝቶ እያለ ነው፣ እንቅልፉን ሲቀንስ ያጠናውም አብሮ ይቀንሳል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ደግሞ በዚህ እድሜ ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ማታ ዘግይቶ ነው የሚለቀቀው፣ በጊዜ ተኛ ስትሉት ዓይኑ የሚፈጠው ሁሌ በስልክ ብቻ አይደለም (ስልኩም አለበት እንግዲህ)። አሜሪካ ውስጥ ሲያትል ከተማ በ2016 እ.ኤ.አ. የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ሰዓትን ከጠዋቱ 1፡50 ወደ 2፡45 ሲያዘገዩት፣ አንዳንዱ ሰው እንደሚፈራው ልጆቹ ያን ያህል አምሽተው አልተኙም፣ በየሌሊቱ 34 ደቂቃ ያህል ጨምረው ነው የተኙት።

ሌላው ያንኑ ገጽ አስር ጊዜ ማንበብ፣ ደብተሩን በሃይላይተር ቢጫ ማድረግ። ሲያነቡት "አውቀዋለሁ" የሚል ስሜት ይሰጣል፣ ችግሩም እሱ ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገልብጦ ተገኘ፣ ወረቀቱን አስቀምጠው የሚያስታውሱትን የጻፉት በለጡ። ስለዚህ ደብተር ዝጉና "እስቲ ንገረኝ" በሉት፣ ሲንተባተብ አትቆጡ፣ መንተባተቡ ራሱ ጥናት ነው።

ሽልማት... ልጅ ሲሸለም ይበረታል ይባላል፣ እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ልጁ ጭራሽ የማይነካውን ነገር ለማስጀመር ሽልማት ይረዳ ይሆናል፣ ግን ወዶ የሚያነበውን ልጅ "ካነበብክ ይሄን እገዛልሃለሁ" ማለት ጨዋታውን ስራ ማድረግ ነው፣ እኔ ልጄን እንደዛ አድርጌ ማንበብ አስጠልቻታለሁ፣ ለመመለስ ዓመት ፈጀብኝ።

ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደርን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እናውቀዋለን ግን እናደርገዋለን።

ማስፈራራትም እንደዛው። "ከወደቅክ ወዮልህ" የተባለ ልጅ ፈተና ላይ ሲቀመጥ ጥያቄውን የሚያስብበት ቦታ በጭንቀት ይሞላል፣ ያውቀው የነበረው ይጠፋበታል፣ ሲወጣ ነው መልሱ ትዝ የሚለው። ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል የሚያስፈራውን ነገር ወረቀት ላይ እንዲዘረግፍ ማድረግ እንደሚረዳ የታየበት ጥናት አለ፣ ነጻ ነው ሞክሩት።

የመጨረሻው ግን ከባድ ነው፣ የታመመን ልጅ ሰነፍ ማለት። ከ2 ሳምንት በላይ ምግብ ካስጠላው፣ ከጓደኞቹ ከሸሸ፣ ይወደው የነበረው ነገር ምንም ካልመሰለው፣ ተጨማሪ አስጠኚ አትቅጠሩለት (እኔን ጨምሮ)፣ ሐኪም ወይ ሳይኮሎጂስት ጋር ውሰዱት። መኖር ሰልችቶኛል ካለ ደግሞ ያኔውኑ፣ ፈተናው እስኪያልፍ አትጠብቁ።