«ነፃ ኤሌክትሪክ» ያመነጫል የተባለን መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይፈትኑታል?

በቴሌግራምና በፌስቡክ «ያለ ነዳጅና ያለ ፀሐይ 5 ኪሎዋት ያመነጫል» እየተባለ የሚተዋወቅ ጄኔሬተር ለመግዛት ካሰቡ፣ ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት መሣሪያውን በአካል ተገኝተው ይፈትኑት። ቪዲዮ ማየት ፈተና አይደለም። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ተራ ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ስለሚያጠራቅም፣ በመሣሪያው ውስጥ ቢደበቅ ባለ 5 ዋት አምፖልን ለስድስት ሰዓት ያህል ሊያበራ ይችላል።

በመጀመሪያ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ሻጩን ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሞተሩ ጄኔሬተሩን ያዞራል፣ ጄኔሬተሩም ለሞተሩ መልሶ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፣ ትርፉ ለቤት ይውላል የሚል ነው። ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩት፤ ሁለቱም ከተቀበሉት 80 በመቶውን ቢያስተላልፉ፣ 1,000 ዋት የገባለት ሞተር ለጄኔሬተሩ 800 ዋት ያደርሳል፣ ጄኔሬተሩም 640 ዋት ብቻ ያወጣል፤ የቀረው በሰበቃና በሙቀት ይባክናል። ከባድ መንኮራኩር ቢጨመርበት የተሰጠውን ጉልበት ለጊዜው ያቆያል እንጂ አዲስ አይፈጥርም። ማግኔትም ሲስብ የሰጠውን ጉልበት ሲላቀቅ መልሶ ይወስዳል።

ቀጥሎ አሠራሩን በጥሞና ይመልከቱ፣ ድምፁንም ያዳምጡ። ቻርልስ ሬድሄፈር የተባለ ሰው ያለ ማቋረጥ በራሱ ይሽከረከራል ያለውን ማሽን ፊላደልፊያ ውስጥ ሲያሳይ፣ በአውሮፓውያኑ 1813 የመረመሩት ሰዎች የጥርሳም መንኮራኩሮቹ ጥርሶች የተበሉት በተቃራኒው ወገን መሆኑን አዩ፤ በማሽኑ ይዞራል የተባለው ክፍል ራሱ ማሽኑን ያዞር ነበር። ሬድሄፈር በኒውዮርክ ባሳየው ማሽን ላይ ደግሞ መሐንዲሱ ሮበርት ፉልተን ዙሩ ወጥ አለመሆኑን ለይቶ ሳንቃውን ሲነቅል ያገኘው ቀበቶ፣ በላይኛው ክፍል ተቀምጦ እጀታ ወደሚያዞር ሽማግሌ መራው።

ሽፋኑ ለታሸገ መሣሪያ ግን እኔ የምመርጠው ፈተና ሚዛንና ምጣድ ነው። መሣሪያውን ይመዝኑ። አንድ ኪሎ የሊቲየም ባትሪ የሚይዘው ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ250 ዋት ሰዓት ስለማይበልጥ፣ ለምሳሌ 10 ኪሎ የሚመዝን መሣሪያ ሙሉ በሙሉ ባትሪ ቢሆን እንኳ 2,500 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። 3,500 ዋት የሚፈልግ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን ኃይል በ43 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ስለዚህ መሣሪያው ከግድግዳ ሶኬት ተነቅሎ፣ ምንም ገመድ በማይደርስበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ምጣዱን ሳያቋርጥ ለሁለት ሰዓት እንዲያግል ይጠይቁ። ባለ 100 ዋት አምፖል ብቻ ነው የሚችለው ከተባለ፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ባትሪ 25 ሰዓት ሊያበራ ስለሚችል ፈተናው ሁለት ሙሉ ቀን ይሁን፤ በዚህ ጊዜ ከመሣሪያው አጠገብ የሚያምኑት ሰው አይጥፋ። ሻጩ ሰዓቱ እንዲያጥር ከለመነ ወይም ቅድሚያ ክፍያ ከጠየቀ ግዢውን ይተዉት።

አስቀድመው ገዝተውት ከሆነ ደረሰኙንና የተለዋወጡትን መልእክት ያስቀምጡ። ሽፋኑን በራስዎ አይክፈቱት፤ ውስጡ ያለ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) መሣሪያው ከጠፋ በኋላም ሊነዝር ይችላል። ከቤቱ መስመርም ጋር አያገናኙት፤ ሰፈሩ መብራት ባጣበት ሰዓት ወደ ኋላ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ያለን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።