የውሻችሁ አፍ ቆስሎ አልድን ሲል

ውሻው ርቦታል። ወደ ሳህኑ ይሮጣል፣ አንዴ ይጎርስና ጮኾ ወደ ኋላ ይላል። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አፉ ይሸታል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ምግብ ጠላ» ይላል። አልጠላም፣ አሞታል።

እስቲ የላይኛውን ከንፈር ቀስ ብላችሁ ገልጡት። ከክራንቻው ትይዩ፣ በከንፈሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቁስል አለ? ቀይ ወይም ነጣ ያለ ነገር የሸፈነው? ቁስሉ ከንፈሩ ጥርሱን በሚነካበት ቦታ ላይ ልክክ ብሎ ከተቀመጠ፣ ሥር የሰደደ የአፍ ቁስለትን ጠርጥሩ። ምላስ ጠርዝና ጉንጭ ላይም ይወጣል። ማልቲዝና ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል በብዛት ከሚታይባቸው ዝርያዎች ናቸው።

ምክንያቱ ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ስስ የባክቴሪያ ሽፋን እንደሆነ ይታሰባል። ይህ ሽፋን ሁሉም ውሻ አፍ ውስጥ አለ። የእነዚህ ውሾች ሰውነት ግን አይታገሰውም። ከቁስሉ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የታየ ናሙና ላይ የሰውነት መከላከያ ሴሎች፣ ማለትም ቲ ሴል፣ ቢ ሴልና ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ፕላዝማ ሴሎች ተጨናንቀው ይታያሉ። ኢንተርሉኪን 17 የተባለውን ብግነት አባባሽ መልእክት የሚይዙ ሴሎችም አሉ። እኔን የሚገርመኝ፣ ሌሎቹን የማረጋጋት ሥራ ያላቸው ቲ ሴሎችም እዚያው መገኘታቸው ነው። አሉ፣ እሳቱ ግን አይጠፋም።

አንቲባዮቲክ ብቻ ተሰጥቶት ሻል ብሎት የነበረ ውሻ መድኃኒቱ ሲያልቅ የሚያገረሽበትም ለዚህ ነው። ሽፋኑ ተመልሶ ይጋገራል፣ ሴሎቹም ተመልሰው ይነሳሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪሙ በማደንዘዣ ጥርሱን ከድድ በታች ጭምር ያጽዳ፣ ናሙናም ይውሰድ። ፔምፊገስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆዳና የአፍ ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ) እና አንዳንድ ካንሰሮች ይህንኑ ይመስላሉ፤ ናሙናውን አትዝለሉት። ከዚያ በየቀኑ መቦረሽ ነው። አፉ እያመመው ግን አታስገድዱት፣ የሕመም ማስታገሻው መጀመሪያ ይሥራ። የሰው የጥርስ ሳሙና አትጠቀሙ፤ አንዳንዱ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ውሻ ሊገድል ይችላል። አይቡፕሮፌንም ከቤት አንስታችሁ አትስጡት።

ይህም ካልበቃ ሐኪሙ የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝብ ሳይክሎስፖሪን ሊያዝ ይችላል፣ አንዳንዴ ሜትሮኒዳዞል ከተባለው አንቲባዮቲክ ጋር። ወይም ቁስሉን የሚነኩት ጥርሶች ይነቀላሉ። ጥርስ ማስነቀል እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። ግን ጥርሱ ሲወጣ ሽፋኑ የሚለጠፍበት ቦታም አብሮ ይሄዳል፣ ውሻ ደግሞ ያለ ክራንቻም ለስላሳ ምግብ ደህና አድርጎ ይበላል።