ሳይንስ ፊክሽንና ኮሜዲ ስንመለከት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሳይንስ ፊክሽንንና ኮሜዲን እኩል እወዳለሁ። ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን የፍንዳታና የመሣሪያ ትርኢት፣ ሁለተኛውን ደግሞ የጊዜ ማሳለፊያ አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ ማንሳትም እንግዳ ነገር ይመስለዋል። በእኔ እምነት ሁለቱም የቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚኖሩበትን ዓለም፣ የቱንም ያህል ጉድ ቢሆን፣ ከልባቸው ሊቀበሉት ይገባል። ተመልካቹ የሚሳሳተው በአብዛኛው ይህን ሲዘነጋ ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት አንድን ተከታታይ ፊልም በሁለትና በሦስት ክፍል መዝኖ መጣል ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረውና በሰባት ሲዝን 178 ክፍሎች የቀረቡለት «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» በመጀመሪያው ሲዝን ገና እግሩን አልተከለም ነበር፤ ንግግሩ ይደርቃል፣ ገጸ ባሕርያቱም የሚኖሩ ሳይሆን ትምህርት የሚሰጡ ይመስላሉ። እኔም ጥቂት ክፍሎች አይቼ ተውኩት፤ የተመለስኩበትም ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ምን እንዳመለጠኝ የገባኝ እ.ኤ.አ. በ1989 በታየ አንድ የሁለተኛው ሲዝን ክፍል ነው። በዚያ ክፍል አንድ ሳይንቲስት ዳታ የተባለው የጠፈር መርከቧ መኮንን፣ ሰው የሚመስል ሰው ሠራሽ ማሽን ነውና፣ ተፈታትቶ እንዲጠና ይጠይቃል፤ ዳታ አሻፈረኝ ሲልም ነገሩ ወደ ችሎት ያመራና ዳታ ንብረት ነው ወይስ ስለ ራሱ የመወሰን መብት ያለው ፍጡር የሚለው ክርክር ይከፈታል። ዳታ ንብረት ነው ብሎ እንዲከራከር የሚታዘዘው የገዛ ወዳጁ ራይከር ነው፤ ከልቡ ካልተከራከረ ዳታ ያለ ተጨማሪ ክርክር ንብረት ተብሎ ይፈረድበታል። ራይከር በዳኛዋ ፊት የዳታን እጅ ፈትቶ ያነሳል፤ ቀጥሎም ጀርባው ላይ ያለውን ማጥፊያ ይጫናል፤ ዳታም እንደ ተቆረጠ ግንድ ጠረጴዛው ላይ ድፍት ይላል። ክርክሩን እያሸነፈ ያለው ራይከር ወደ መቀመጫው የሚመለሰው አንገቱን ደፍቶ ነው። በዚያ ክፍል አንድም የጠፈር ውጊያ የለም፤ እኔ ግን ከየትኛውም ውጊያ በላይ ትንፋሼን ይዤ የተመለከትኩት እሱን ነው። ለአዲስ ተመልካች የምመክረው፣ ተከታታዩን ቀድሞ ያየ ሰው ጠይቆ ከጠንካራዎቹ ክፍሎች አንዱን እንዲመለከትና ከዚያ ወደ መጀመሪያው እንዲመለስ ነው።

የቆየ ሥራን በዕቃው ርካሽነት መናቅም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በተጀመረው በመጀመሪያው «ስታር ትሬክ» መንገደኞቹን በብርሃን አድርጎ ወደ ፕላኔቷ የሚያወርደው መሣሪያ የተፈለሰፈው በገንዘብ እጥረት ነው፤ በየሳምንቱ ግዙፉን የጠፈር መርከብ ሲያርፍ ማሳየት ከበጀቱ በላይ ነበርና። ያ የድህነት መላ ግን ታሪኩን አፈጠነው፤ ተዋናዮቹ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ችግሩ መሐል ይገኛሉ። ዛሬ በኮምፒውተር የተሠራ ማረፊያ ለአምስት ደቂቃ ሲታይ ያንን ፍጥነት እናፍቃለሁ።

ቅደም ተከተልን ሳያጣሩ መመልከትም ብዙ ሰው ያሳስታል። «ፋየርፍላይ» የተባለው የጠፈር ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2002 ሲተላለፍ ጣቢያው የሁለት ሰዓቱን መክፈቻ ወደ ጎን አድርጎ ከሌላ ክፍል ጀመረ። ከተቀረጹት 14 ክፍሎች 11 ብቻ ከታዩ በኋላ ሥርጭቱ ተቋረጠ፤ መክፈቻውም የቀረበው በመጨረሻ ነው። ሰዎቹ እንዴት እንደተገናኙ ሳያውቅ መሐላቸው የገባ ተመልካች ግራ ቢጋባ ጥፋቱ የደራሲዎቹ አልነበረም። ዛሬም ይህን ተከታታይ በሥርጭቱ ቀን ቅደም ተከተል የሚያየው ሰው በዚያው ጉድጓድ ይወድቃል።

ወደ ኮሜዲ ስንመጣ ትልቁ ስህተት የሚያስቀው ተዋናይ ራሱ የሚስቀው ወይም ፊቱን የሚያጣምመው ነው ብሎ ማመን ነው። በልጅነቴ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተሠራውን «ኤርፕሌን» የተባለ ፊልም አይተናል። ባለቤቱ የአውሮፕላን አደጋ ፊልም ነው ብሎ ስለነበር ሁላችንም ተጨንቀን እንጠብቃለን። ማንም ለመሳቅ አልደፈረም፤ የተዋናዮቹ ፊት ፍጹም ቁም ነገረኛ ነበርና። በመጨረሻ ዶክተሩ ለተሳፋሪዎቹ የሚያሰጋ ነገር የለም እያለ ሲዋሽ አፍንጫው መርዘም ጀመረ፤ ፊቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ከኋላ የተቀመጡት የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ሳቃቸውን ለቀቁት፣ ቤቱም ተከተላቸው። በኋላ ሳነብ እንዳወቅሁት፣ ሦስቱ ዳይሬክተሮች እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራ የምር የአውሮፕላን ፊልም መብት ገዝተው ታሪኩን እንዳለ ተጠቅመውበታል፤ ተዋናዮቹንም እንደ ሌስሊ ኒልሰን በቁም ነገር ሚና ከሚታወቁት መካከል መርጠዋል። ኒልሰን ዶክተሩን የተጫወተው ሰው ለማሳቅ ሳይሆን ሰው ለማዳን የመጣ ሰው አድርጎ ነው። ኮሜዲ ሲመዘን መታየት ያለበት ይህ ይመስለኛል፤ ገጸ ባሕርይው ቀልድ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ከሆነ ሳቁ ቶሎ ይነጥፋል።

አንድን የፊልም ዓይነት እያሾፈ የሚያሳይ ሥራ ሁሉ የናቀው ነው ማለትም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ጋላክሲ ክዌስት» የተቋረጠ የጠፈር ተከታታይ ፊልም ተዋናዮችን ያሳየናል፤ ውሸት የሚባል ነገር የማያውቁ የሌላ ዓለም ፍጡራን ድራማውን እውነተኛ ታሪክ አድርገው ተቀብለው ከጠላት እንዲያድኗቸው ይጠሯቸዋል። አላን ሪክማን የሚጫወተው ተዋናይ፣ ለዓመታት አድናቂዎች በል እያሉ ያሰለቹትን አንድ የመሐላ ቃል ይጠላዋል። በመጨረሻ ሲያደንቀው የኖረ አንድ ወጣት እጁ ላይ ሲሞት ያንኑ ቃል ይለዋል፤ አሁን ግን አንድም ፌዝ ሳይኖርበት። ስንስቅበት የቆየነው ቃል በዚያች ቅጽበት እንባ ያመጣል። እንዲህ ያለ ፊልም ሊሠራ የሚችለው ያንን ዓለም ያፈቀረ ሰው ብቻ ነው።

ለሁሉም ነገር ማብራሪያ መጠየቅም ሊቀር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1993 በተሠራው «ግራውንድሆግ ዴይ» ለአንድ ሰው ያው አንድ ቀን እየተደጋገመ የሚመጣበት ለምን እንደሆነ አይነገረንም፤ ቢነገረን ኖሮ ትኩረታችን ከሰውየው ወደ ምክንያቱ በዞረ ነበር። የታሪኩ ዓለም ሕግ ግልጽ ከሆነና ፊልሙ ራሱ ካልጣሰው ይበቃል።

በአማርኛ ትረካ የሚቀርቡ የውጭ ፊልሞችን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ያደግሁባቸው ናቸውና አከብራቸዋለሁ፤ ነገር ግን ተራኪው በራሱ ቀልድ ላይ ቀልድ ሲደራርብ ከተዋናዩ ዝምታ የሚመጣው ሳቅ ይጠፋል። በትረካ ያየነውን ኮሜዲ ደካማ ነው ከማለታችን በፊት አንድ ጊዜ በራሱ ድምፅ መመልከት ተገቢ ነው።

ሳይንስ ፊክሽን የእኛ አይደለም የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን «ክራምብስ» ለእነሱ እጠቅሳለሁ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ የተቀረጸው ግን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬም በአማርኛ ይጫወቱበታል። የሰው ዘር ከተመናመነ በኋላ፣ ሰማይ ላይ አንዲት የጠፈር መርከብ ተንጠልጥላ፣ ከቀድሞው ዘመን የተረፉ ተራ የፕላስቲክ መጫወቻዎች እንደ ብርቅ ቅርስ ይታያሉ። የዕቃ ገዢው ሰው ከፊቱ የቀረበለትን ያን ከንቱ የሚመስል ዕቃ የሚመረምረው፣ የጥንት ብራና እንደ ያዘ አዋቂ፣ በፍጹም ቁም ነገር ነው።