የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሬ የተስተካከለው በዚህ መንገድ ነው

ሰዋስው አጥንቼም ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ መሃሉ ላይ ይበላሽብኝ ነበር። መፍትሔው ባለቤትና ግስን ማፈላለግ ሆነ። አማርኛ ባለቤቱን ግሱ ውስጥ ይከተዋል፤ «መጣ» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ግን ከትእዛዝ በቀር ባለቤቱ ለብቻው እንዲጻፍ ይፈልጋል፦ «ሂ ኬም»። አድራጊ በሌለበት እንኳ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ስለ ዝናብ ሲወራ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ጽፌ ስጨርስ ከግሱ ስር አሰምራለሁ፣ ከዚያ «ማን?» ወይም «ምን?» ብዬ ባለቤቱን እፈልጋለሁ። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች በኮማ ብቻ ተያይዘው ካየሁ ነጥብ አደርጋለሁ ወይም «ቢኮዝ»ን የመሰለ አያያዥ አስገባለሁ። በጣም የጠቀመኝ ይሄ ነው።

«የገዛሁት መጽሐፍ» የሚለው ዓይነት አገላለጽ ግን ለብቻው ልምምድ ጠየቀ። እንግሊዝኛው መጽሐፉን ያስቀድማል፦ «ዘ ቡክ አይ ቦት»። «የገዛሁት» ላይ ያለችው፣ መጽሐፉን የምታመለክተው የኛ «-ት» ስለምትጎትተን በእንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ «ኢት» መጨመር ያምረናል፤ እዚያ ቦታ አትገባም። «ዘ»ና «ኤ»ን የማያቸው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።