«ሃቭ»ን ከ«የስተርዴይ» ጋር ያጋባችሁ ማን ነው?

በማታ ክፍል እንግሊዝኛ ሳስተምር «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» የምትል ዓረፍተ ነገር ሳላርም ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። ገና ፊደል ለሚቆጥር ጀማሪ ትዕግሥቴ ሰፊ ነው። የሚያናድደኝ ፊልም ያለ ትርጉም የሚያየው፣ የሥራ ማመልከቻውን በእንግሊዝኛ የሚጽፈው መካከለኛ ተማሪ ነው። ቀይ እስክሪብቶዬን የሚጨርሰው እሱ ነው።

ምንጩ አማርኛችን ነው። «አይቼዋለሁ» ሲፈታ «አይቼ» እና «አለሁ» ይሆናል። «ሃቭ ሲን»ም ሁለት ግስ ተደጋግፎ የቆመበት ስለሆነ ተማሪው መንትያውን ያገኘ ይመስለዋል። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለት ነውር የለበትም። እንግሊዝኛ ግን ያለፈው ጊዜ በስሙ ከተጠራ በሩን ይዘጋል። «ትናንት»፣ «አምና»፣ «ባለፈው ሳምንት» ካላችሁ «ሶው» እንጂ «ሃቭ ሲን» አይገባም። «ሃቭ» የሚመጣው መቼ እንደሆነ ሳይነገር፣ የነገሩ ዳፋ ግን እስከ አሁን ሲደርስ ነው። ቁልፍ ጠፍቶባችሁ በር ላይ ቆማችሁ ከሆነ «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ኪ» በሉ። «ትናንት» የሚለውን ከጨመራችሁ ግን «አይ ሎስት» ብቻ። (አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ «ሃቭ»ን ትቶ «አይ አልሬዲ ኤት» (በልቻለሁ) ቢላችሁ አታርሙት፤ በአገሩ አነጋገር ትክክል ነው።)

አንድ ተማሪዬ 20 ጥያቄ ያለውን መልመጃ አንድም ሳይስት ሠርቶ ደብተሩን ዘረጋልኝና «ቲቸር፣ አይ ሃቭ ፊኒሽድ ኢት የስተርዴይ» አለኝ። ሳቄን ዋጥኩ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም። የመልመጃው ርእስ ከላይ በትልቁ «ፕረዘንት ፐርፌክት» (ይኸው የ«ሃቭ» አነጋገር ስሙ ነው) ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክፍት ቦታ ሁሉ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» የሚጠይቅ ነው። ልጁ መርጦ አያውቅም፤ ርእሱ መረጠለት። ስለዚህ ምዕራፍ በምዕራፍ እየሄዳችሁ ክፍት ቦታ መሙላት ይብቃችሁ። ከሁለት ምዕራፍ ጥያቄ ቀላቅሉ፣ ርእሱን በወረቀት ሸፍኑ፣ ከዚያ ሥሩ። ውጤታችሁ ከ20 ወደ 11 ይወርዳል፤ እውነተኛው 11ዱ ነው።

«ሲንስ ስሪ ይርስ» የሚባል ነገር የለም። መነሻውን ከጠራችሁ (ከሰኞ፣ ከመስከረም) «ሲንስ»፣ ርዝመቱን ከቆጠራችሁ (ሦስት ዓመት፣ ሁለት ሰዓት) «ፎር»። አለቀ።

ወደ ቃላት ስንመጣ፣ በግራ እንግሊዝኛ በቀኝ አንድ የአማርኛ ፍቺ እየጻፋችሁ በቀን 30 ቃል የምታጠኑትን አውቃችኋለሁ። ትጋታችሁን እወደዋለሁ፤ ዝርዝሩን ግን ቀድዳችሁ ብትጥሉት ይሻላል። «መሥራት»ን ተመልከቱ። ቤት እንሠራለን፣ ወጥ እንሠራለን፣ የቤት ሥራ እንሠራለን፣ ባንክ ውስጥ እንሠራለን፤ ስልኩ ደግሞ አይሠራም። እንግሊዝኛው ለቤቱ «ቢልድ»፣ ለወጡ «ሜክ» ወይም «ኩክ»፣ ለቤት ሥራው «ዱ»፣ ለባንኩም ለስልኩም «ወርክ» ይላል። «ሜክ፦ መሥራት» ብሎ የጻፈ ተማሪ «አይ ሜድ ማይ ሆምወርክ» ቢለኝ ምን ይደንቃል? ቃሉን ከጎረቤቱ ጋር አጥኑት፤ «ዱ» ብቻውን ሳይሆን «ዱ ሆምወርክ»፣ «ዱ ዘ ዲሺስ» ብላችሁ። በቀን ስድስት እንዲህ ያለ ጥንድ ይበቃል።

«ዲስከስ አባውት» አትበሉ፤ «ስለ» የሚለው «ዲስከስ» ውስጥ ተጠቅልሎ አለ።

አሁን ሥራ ወዳሳጣው ስህተት ልምጣ። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ለሆቴል እንግዳ ተቀባይነት በስልክ ቃለ መጠይቅ ተደረገላት። «ዩ ሃቨንት ወርክድ ኢን ኤ ሆቴል ቢፎር?» አሏት። «የስ» አለች። ጠያቂው ደስ ብሎት «የትኛው ሆቴል?» ሲላት ጸጥ። እሷ ያለችው «አዎ፣ አልሠራሁም» ነው። እኛ «አልበላህም?» ስንባል «አዎ» የምንለው የጠያቂውን ቃል እያጸደቅን ነው። እንግሊዝኛ ለጠያቂው አነጋገር ደንታ የለውም፤ በልታችሁ ከሆነ «የስ»፣ ካልበላችሁ «ኖ»። ጥያቄው ተገልብጦ ቢመጣም መልሱ አይገለበጥም። ከተማሪዎቼ ጋር ይህን የምንለማመደው በቃል ብቻ ነው፤ እኔ በአሉታ እየጠየቅሁ፣ እነሱ ሳያስቡ እየመለሱ። የመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ እልቂት ነው። ልጅቷ ሥራውን አላገኘችም፤ ከዚያ ወዲህ ግን «የስ» ብቻዋን ከአፏ ወጥታ አታውቅም፤ «ኖ፣ አይ ሃቨንት» ብላ ሙሉውን ትመልሳለች። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ሌላውን ስወቅስ የራሴን መደበቅ የለብኝም። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አንድ የውጭ አገር እንግዳ ክፍሌን እንዲጎበኝ ጋብዤ «ስሪ ኦክሎክ» አልኩት። እኔ በጠዋት ሦስት ሰዓት ተማሪዎቼን አሰልፌ ጠበቅሁት። ቡናው ፈላ፣ ቀዘቀዘ፣ ተማሪዎቹ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እሱም ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ገባ። ስድስት ሰዓት መጨመር ወይም መቀነስ የአንደኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ያወቅሁትን ያህል ግን በጊዜው አልሠራሁበትም።

የመጨረሻው፣ የእንግሊዝኛ ቃል በግዕዝ ፊደል እየጻፋችሁ አታጥኑ። «ሲንክ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ማሰቡንም መስመጡንም በአንድ ድምፅ ያነበዋል፤ ምላስን በጥርስ መካከል የሚያወጣው ድምፅ ፊደል ስለሌለን በ«ስ» ይተካል። መጀመሪያ ስሙት፣ ደጋግማችሁ በሉት፣ ከዚያ በራሱ ፊደል ጻፉት። እኔ እዚህ ከላይ እስከ ታች ያደረግሁትን አይቻለሁ፤ ደብተራችሁ ውስጥ ባገኘው ግን አሰምርበታለሁ።