የልጅነት ጥቃትን ፊልም ስናደርግ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብለን የአንድ ወጣት አጭር ፊልም ስክሪፕት አነበብን። ስለ ልጅነት ወሲባዊ ጥቃት ነው። ልፋቱ ያስመሰግናል። ግን በብዙ ፊልም ያየኋቸው ስህተቶች እዚህም አሉ።

አንደኛው አጥቂው ነው። ማታ ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚያደባ፣ ማንም የማያውቀው ሰው አድርጎታል። ልጆችን ከሚያጠቁት አብዛኞቹ ግን ልጁ የሚያውቃቸው ናቸው። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስጠኚ። ከረሜላ ይዞ የሚመጣ፣ ቤተሰቡም «አቦ፣ እሱማ የቤት ሰው ነው» የሚለው። ሁሌ ባዳውን ብቻ ካሳየን እናቶች ጨለማውን መንገድ ሲጠብቁ ሳሎኑ ይረሳል።

ትልቁ ስህተት ትዝታ ላይ ነው። ጀግናዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ምንም አታስታውስም። ምድር ባቡር ፊት ለፊት ስትደርስ ግን ሁሉም ነገር ከዳር እስከ ዳር እንደ ቪዲዮ ይታያታል። እንዲህ አይደለም! ብዙዎቹ ጨርሶ አይረሱትም፤ ለሰው አይናገሩትም እንጂ። የአንዳንዱ ትዝታ ደግሞ ቁርጥራጭ ነው። የበሩ ቀለም ወይ የሽቶው ጠረን ቁልጭ ይላል፤ ቀኑና የቱ እንደቀደመ ይምታታል። ስለተምታታባት ዋሸች አይባልም።

ይህን አሳምሮ የሠራ ፊልም ልጥቀስ። ጄኒፈር ፎክስ የራሷን ታሪክ የሠራችበት «ዘ ቴል» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ጀግናዋ በ13 ዓመቷ የነበራትን መልክ የምታስታውሰው እንደ ትልቅ ልጃገረድ ነው። እናቷ የዚያን ጊዜ ፎቶ ስታሳያት ትደነግጣለች። ለካ ትንሽ ልጅ ነበረች። ያየነው ትዕይንት በትንሿ ተዋናይት እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔ እዚህ ጋ ፊልሙን አቁሜ ትንሽ አረፍኩ።

ሌላው ድርጊቱን ማሳየት ነው። ወጣቱ የጎረቤቱን የ11 ዓመት ልጅ ሊያሠራ አስቦ ነበር። እኔ በፍጹም አልኩ። ልጅቷ ለካሜራ ብላ ልትጎዳ አይገባም። «ዘ ቴል» እንኳ ለእነዚያ ትዕይንቶች የልጅቷን ቦታ በአዋቂ ተክቷል። ለኛ የተዘጋ በር ይበቃናል።

ጥቃት የደረሰባትን ሁሉ መጨረሻ ላይ እብድ ወይም ነፍሰ ገዳይ ማድረግም ይቅር። በየሰፈሩ የሚሠሩ፣ የሚያገቡ፣ የሚስቁ አሉ።

ወጣቱ የምድር ባቡሩን ትዕይንት ሰረዘው። በምትኩ እናትየው «ሰላም በዪው እንጂ» ስትላት ልጅቷ እጇን ከጀርባዋ ስትደብቅ ጻፈ።